ድራፍቱን ያቆመው ምሰሶ



ዛሬ ስለ ድራፍት ነው የምጽፍላችሁ። ጃምቦ ጨብጣችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፤ የዛሬው ድራፍት አረፋ የለውም። የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ነው። በእጅ ይዘው የሚሮጡትን ኳስ ለምን «ፉት» እንዳሉት ግን አትጠይቁኝ። ይህን ያህል ዓመት ኖሬ እስካሁን አልገባኝም።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነኝ አንድ ወጣት ነው። ባለፈው ሳምንት ኤርፖርት ተራ እየጠበቅን፣ እንደልማዳችን ቡናችንን ይዘን ከመኪና ወርደን ቆመናል። እዚህ አገር ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልኩ ላይ የድራፍት ወሬ ያነባል። ድንገት ቀና ብሎ «ኢንጂነር» አለኝ። እዚያ ስሜ ይኸው ነው፤ ሙያው ቢቀርም ስሙ አልለቀቀኝም። «የተጫዋቾቹ ማኅበር ከባለቤቶቹ ጋር ቢጣላ ድራፍቱን ምን አገባው? ልጆቹ እኮ ገና አልተቀጠሩም!»

ጥያቄው ግሩም ነው። መልሱን ስጀምር ተራችን ደረሰና ተበታተንን። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም እዚህ ልጨርሰው። ረዘም ይላል፤ ሻይ አፍሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ድራፍት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሞላንበትን ቀን አስታውሱ። እኔ አንደኛ ምርጫዬን አዲስ አበባ ብዬ ሞላሁ፤ ስሜ የወጣው አርባ ምንጭ ነው። እናቴ አለቀሰች፣ እኔ ግን ሄጄ ወደድኩት። ያ ምደባ ይባላል። ድራፍትም ምደባ ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ቢያንስ ምርጫ ሞልተናል፤ እነሱ ምንም አይሞሉም። ደግሞም እኛን የመደበን መንግሥት ነበር። እነሱን የሚመድቧቸው ግን በገበያው ላይ ለአንድ ልጅ እርስ በርስ መፎካከር የነበረባቸው 32 ክለቦች ናቸው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

ሐሳቡን ያመጣው በርት ቤል የሚባል የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት ነው። ጊዜው 1935 ነው። ቡድኑ ይሸነፋል፣ ገንዘብ የለውም፣ ጥሩ ልጅ ባየ ቁጥር ሀብታሞቹ ክለቦች ይነጥቁታል። ስለዚህ ለሌሎቹ ባለቤቶች፣ ከዚህ በኋላ መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይምረጥ፤ አንዱ የመረጠውንም ሌላው አይንካ አላቸው። ተስማሙ። የመጀመሪያው ድራፍት የካቲት 8 ቀን 1936 ፊላደልፊያ በሪትዝ ካርልተን ሆቴል ተካሄደ። 9 ክለቦች በ9 ዙር 81 ልጆች ተከፋፈሉ። አንደኛ የተመረጠው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር ነው። በገንዘብ አልተስማማምና አንድም ቀን በሊጉ ሳይጫወት ሌላ ሥራ ይዞ ቀረ። የድራፍት ታሪክ የተጀመረው «በዚህ ዋጋ አልፈልግም» ባለ ልጅ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ነገር ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ደካማው ቡድን ይጠናከራል፣ ጨዋታው ይጥማል። ሁለተኛው ፊት ግን የልጁ ነው። ለልጁ የነበሩት ብዙ ገዢዎች በአንድ ሌሊት አንድ ይሆናሉ። ገበያ ሄዳችሁ ቲማቲም ስትሸጡ ገዢው ሁሉ «የእሷን ቲማቲም የሚገዛው እገሌ ብቻ ነው» ብሎ ተስማምቶ ቢጠብቃችሁ፣ ዋጋውን ማን እንደሚወስነው ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። አይሰልቻችሁ፣ ባጭሩ ነው።

አሜሪካ ከ1890 ጀምሮ የፀረ ሞኖፖል ሕግ አላት፤ የሸርማን ሕግ ይሉታል። ተፎካካሪ ነጋዴዎች ተሰብስበው ገበያውን እንዳይከፋፈሉ ይከለክላል። በመካከላችን ብዙ ነርሶች አሉ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ሆስፒታሎች በአንድ ሆቴል ተሰብስበው «ዘንድሮ የተመረቁትን ነርሶች እንከፋፈላቸው፤ አንዳችን የወሰድናትን ሌላው እንዳያናግራት» ቢባባሉ ምን ትላላችሁ? ሆስፒታሎቹ በማግስቱ ፍርድ ቤት ይቆማሉ። በ1957 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ራዶቪች የሚባል ተጫዋች ባቀረበው ክስ፣ ይህ ሕግ በፉትቦል ሊግም ላይ እንደሚሠራ ወሰነ። ታዲያ ድራፍቱ ከነርሶቹ ምሳሌ በምን ይለያል?

ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የገፋው ሰው የተጫወተው እዚሁ እኛ ከተማ ነው። ጄምስ ስሚዝ ይባላል፤ «ያዙ» በሚለው ቅጽል ነው የሚታወቀው። በ1968 ከኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የዋሽንግተኑ ቡድን በአንደኛው ዙር 12ኛ አድርጎ መረጠው። ወደ 50,000 ዶላር የሚጠጋ የአንድ ዓመት ውል ፈረመ። በዚያው በመጀመሪያው ወቅት አንገቱ ላይ ተጎዳ። የጨዋታ ዘመኑ በዚያ አበቃ።

ስሚዝ በ1970 ከሰሰ። ክርክሩ ቀላል ነው፦ ድራፍት ባይኖር ከብዙ ክለቦች ጋር ተደራድሬ፣ ብጎዳም የሚከፈለኝን የብዙ ዓመት ውል አገኝ ነበር። ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ዊሊያም ብራያንት ናቸው፤ በኋላ የዲሲ ፌዴራል ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዋና ዳኛ የሆኑት ሰው። ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ ከፍርድ ቤቱ ጋር የተያያዘው ሕንፃ በስማቸው ተሰይሟል። ሰው ባወረድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ዳኛው በ1976 ድራፍቱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በ1978 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የካሳውን ስሌት እንደገና ይታይ ቢልም፣ በ1968 የነበረው ድራፍት የፀረ ሞኖፖል ሕጉን ይጥሳል በሚለው ተስማማ።

ልብ በሉ፤ ድራፍቱ ሕገ ወጥ ተብሏል። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አለ? ለምንስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በቴሌቪዥን ያየዋል?

እዚህ ላይ የድሮ ሙያዬን ላንሳ። አንድ አሮጌ ቤት ለማደስ ስትገቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ግድግዳ ሸክም እንዳለበት ነው። አንዳንዱ ግድግዳ መጋረጃ ነው፣ ቢፈርስ ምንም አይሆንም። ሌላው ደግሞ ከላይ ያለውን ፎቅ ሁሉ ተሸክሞ ድምፁን አጥፍቶ የቆመ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተዋል። ድራፍቱን ስታዩት መድረኩ የሊጉ ነው፣ ኮፍያው የሊጉ ነው፣ ስም የሚጠራው የሊጉ ኃላፊ ነው። ግድግዳው ሁሉ የባለቤቶቹ ይመስላል። ሸክሙ ያረፈው ግን የሠራተኞቹ ማኅበር ፊርማ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ከአሠሪ ጋር በጋራ እንዲደራደሩ ይፈቅዳል። በዚህ ድርድር የተስማሙበትን የሥራ ሁኔታ ደግሞ ፍርድ ቤት ከፀረ ሞኖፖል ሕጉ ይከልለዋል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ብቻቸውን ቢያደርጉት ወንጀል ሊባል የሚችለው ነገር፣ ማኅበሩ በኅብረት ስምምነት ሲፈርምበት ሕጋዊ ይሆናል። በ1976 ስሚዝ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ዓመት ጆን ማኪ የሚባለው ተጫዋችም የዝውውር ገደቡን በፍርድ ቤት አስጥሎ ነበር። ባለቤቶቹ ደነገጡ። በ1977 ከማኅበሩ ጋር ስምምነት ፈረሙ፤ ድራፍቱም ከ17 ዙር ወደ 12 ዙር ዝቅ ብሎ በማኅበሩ ፊርማ ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድራፍቱን አቁሞ የያዘው ምሰሶ ያ ፊርማ ነው።

አሁን የወጣቱ ጥያቄ መልስ መታየት ጀመረ። ማኅበሩ ከባለቤቶቹ ጋር ሲጣላና ስምምነቱ ሲያበቃ፣ የሚነቃነቀው የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምሰሶው ራሱ ነው።

ተጫዋቾቹ ይህን እስኪረዱት ጊዜ ወስዶባቸዋል። በ1987 ለ24 ቀን አድማ መቱ። ባለቤቶቹ ምትክ ተጫዋቾች ከየመንደሩ ሰብስበው ጨዋታውን ቀጠሉ። የእኛ ከተማ ቡድን በምትኮቹ ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፎ፣ በዚያው ወቅት ሱፐር ቦውሉንም ወሰደ። አድማው ከሸፈ። ፍርድ ቤት ሲሄዱ ደግሞ፣ ማኅበር ሆናችሁ ስትደራደሩ በፀረ ሞኖፖል ሕግ መክሰስ አትችሉም ተባሉ። ያኔ አንድ እንግዳ ዘዴ ዘየዱ። በ1989 ማኅበራቸውን ራሳቸው አፈረሱት። ከለላው የተተከለው በማኅበሩ ላይ ነውና፣ ማኅበር ከሌለ ከለላም የለም።

ዘዴው ሠራ። በ1992 ፍሪማን ማክኒልና ጓደኞቹ ሚኒያፖሊስ ላይ በዳኞች ጉባኤ ፊት አሸነፉ። በዚያው ዓመት ሬጂ ዋይት በሁሉም ስም ከሰሰ። ባለቤቶቹ ዘንድ «ድራፍቱም ሊሄድ ነው» የሚል ፍርሃት ገባ። በ1993 ታረቁ። ተጫዋቾቹ ውላቸው ሲያልቅ ወደፈለጉት ክለብ የመሄድ ነፃነት አገኙ። በለውጡ ማኅበሩ እንደገና ተቋቁሞ የደመወዝ ጣሪያውንም ድራፍቱንም ፈረመ። ድራፍቱ ከ12 ዙር በ1993 ወደ 8፣ በ1994 ወደ 7 ወረደ። ዛሬም 7 ነው። እያንዳንዷ የተቀነሰች ዙር የሆነ ክርክር ጠባሳ ናት።

አሁን ወደ 2011 ልምጣ። ያን ጊዜ እኔም ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። የዲግሪ ወረቀቴን ይዤ በየቢሮው ዞሬ፣ «የአሜሪካ ልምድ የለህም» ተብዬ የተመለስኩበት ዘመን ነው። ሌሊት ሌሊት እየነዳሁ ሬዲዮ አዳምጣለሁ፤ እንግሊዝኛዬን ያረምኩትም በስፖርት ሬዲዮ ነው። በዚያ ክረምት ሬዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሊጉ ገቢ በዓመት 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ባለቤቶቹ ከክፍፍሉ በፊት ለወጪያችን ብለው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ያነሱ ነበር፤ አሁን ሌላ 1 ቢሊዮን ጨምሩልን አሉ። ጨዋታውም ከ16 ወደ 18 ይደግ አሉ። ተጫዋቾቹ እንቢ አሉ። እዚሁ ዋሽንግተን በፌዴራል አስታራቂ ፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። መጋቢት 11 ቀን ድርድሩ ፈረሰ። በዚያው ዕለት የተጫዋቾቹ ማኅበር «ከዛሬ ጀምሮ ማኅበር አይደለሁም» ብሎ አወጀ። እንደ 1989ኙ ማለት ነው። በዚያው ዕለት ቶም ብሬዲ፣ ፔይተን ማኒንግና ድሩ ብሪስ ያሉበት አሥር ሰዎች ሚኒሶታ ላይ ክስ መሠረቱ። ባለቤቶቹም በማግስቱ በሩን ቆለፉ። በእኛ የሠራተኛ ሕግ አነጋገር ሥራ መዝጋት ይባላል። ሠራተኛው አድማ ሲመታ የምናውቀውን ነገር፣ እዚህ አሠሪው አደረገው።

ከአሥሩ ከሳሾች አንዱ ግን ልዩ ነበር። ቮን ሚለር ይባላል፤ ገና ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው። በሊጉ አንድ ደቂቃ አልተጫወተም፣ ገና አልተመረጠም። ከክሱ ውስጥ አልተቀጠሩም የተባሉት ልጆች ወኪል እሱ ነው። ክሱም ከሚያነሳቸው ነገሮች አንዱ ራሱ ድራፍቱ ነው። ማኅበር ከሌለ የድራፍቱ ከለላ ምንድን ነው? የሊጉ ኃላፊ ሮጀር ጉዴል ፍርሃታቸውን በጋዜጣ ጻፉ፤ ተጫዋቾቹ ካሸነፉ ድራፍትም ላይኖር ይችላል ሲሉ ሕዝቡን አስጠነቀቁ።

ታዲያ የ2011 ድራፍት እንዴት ተካሄደ? ባለቀው ስምምነት ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች። ስምምነቱ ሲያበቃም ቀጣዩ አንድ ድራፍት እንዲካሄድ ትፈቅዳለች። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ አንድ ወር እንድትቆይ እንደተፈቀደልህ ተከራይ ማለት ነው። የ2011ዱ ይካሄዳል፤ የ2012ቱን ግን ፈጣሪ ያውቃል።

የሚያዝያን የመጨረሻ ሳምንት መቼም አልረሳውም። ሰኞ 25 ዳኛ ሱዛን ሪቻርድ ኔልሰን ሥራ መዝጋቱን አገዱ፤ በሩ ይከፈት አሉ። ሐሙስ 28 ኒው ዮርክ ሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ ድራፍቱ ተጀመረ። ጉዴል መድረክ ላይ ሲወጡ ሕዝቡ በጩኸት ተቀበላቸው። «ፉትቦላችንን አምጡ» ነው ጩኸቱ። ካሮላይና አንደኛ ሆና ካም ኒውተንን መረጠች። ዴንቨር ሁለተኛ ሆና መረጠች፤ ማንን? ቮን ሚለርን! ሊጉን የከሰሰው ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የከሰሰው ሊግ ኃላፊ እጅ ጨብጦ፣ ማሊያውን ተቀበለ። እኔ ይህን በሬዲዮ ስሰማ ፎርቲንዝ ጎዳና ላይ ነበርኩ። ከኋላ የተቀመጡት አዛውንት ተሳፋሪ «ልጁ ምን ያድርግ? መብላት አለበት» አሉ። ከዚያ በላይ ትንታኔ አልሰማሁም።

አርብ 29 ለጥቂት ሰዓታት በሩ ተከፈተ። አንዳንድ አዲስ ተመራጮች ወደ ክለባቸው በርረው የጨዋታውን መጽሐፍ ተቀበሉ። አርብ ማታ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የኔልሰንን ትእዛዝ ለጊዜው አገደ፣ በሩም እንደገና ተዘጋ። ድራፍቱ ግን እስከ ቅዳሜ ቀጥሎ 254 ልጆች ተመረጡ።

አሁን የእነዚህን ልጆች ሁኔታ አስቡት። ክለብ አላቸው፣ አሠልጣኙ ግን ሊያናግራቸው አይችልም። ክለቡ መብቱን ይዟል፣ ውል ግን የለም። ውል ስለሌለ ደመወዝም የለም። ኮሌጁ አልቋል፣ ሥራው አልተጀመረም። ለአዲስ ገቢዎች በየዓመቱ የሚሰጠው ሥልጠና ተሰረዘ። ልክ ቪዛው ተመትቶለት አውሮፕላኑ እንደቀረበት ሰው ማለት ነው። ያልተመረጡት ደግሞ የባሰባቸው ነበሩ። በደህናው ዓመት ድራፍቱ ባለቀ በሰዓታት ውስጥ ስልክ ይደወልላቸው ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሦስት ወር ሙሉ የስልክ ድምፅ ሲጠብቁ ከረሙ። ከእነዚህ ውስጥ ዳግ ባልድዊንና ክሪስ ሃሪስ ነበሩበት። ሁለቱም በኋላ ሱፐር ቦውል አሸንፈዋል። ሌሎች ስንት ልጆች በእነዚያ ሦስት ወራት ተስፋ ቆርጠው ሌላ ሥራ እንደገቡ የቆጠረ የለም።

ሐምሌ 8 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለባለቤቶቹ ፈረደ፤ በ1932 የወጣ ሕግ ፍርድ ቤቶች በሠራተኛ ክርክር እንዲህ ያለ እግድ እንዳይሰጡ ይከለክላል አለ። ያ ሕግ የወጣው ሠራተኛን ከእግድ ለመጠበቅ ነበር። በ2011 አሠሪውን ጠበቀ። ሕግ እንደ መጥረቢያ ነው ወገኖቼ፤ እጀታውን ለያዘው ይቆርጣል።

ሁለቱም ወገን ደክሞት ነበርና በሐምሌ መጨረሻ ለ10 ዓመት ተስማሙ። ማኅበሩ እንደገና ማኅበር ሆነ፣ ድራፍቱን ፈረመ፣ ክሱ ተዘጋ። የጠፋው ጨዋታ አንድ የወዳጅነት ግጥሚያ ብቻ ነው። ሁሉም አጨበጨበ።

ግን ሒሳቡን ማን ከፈለ? እስቲ ቁጥር እንይ። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የ6 ዓመት ውል በ78 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ነበር። በ2011 አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን የ4 ዓመት ውል በ22 ሚሊዮን ፈረመ። በዓመት ሲካፈል 13 ሚሊዮን የነበረው ወደ 5.5 ሚሊዮን ወረደ ማለት ነው። በአዲሱ ስምምነት ለአዲስ ገቢ የተወሰነ የክፍያ መሰላል ወጣለት። ለተመረጠ ሁሉ ውሉ 4 ዓመት ነው፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላም ተሻሽሎ አይፈረምም። በአንደኛው ዙር የተመረጠውን ደግሞ ክለቡ ከፈለገ አምስተኛ ዓመት ያቆየዋል።

ነባሮቹ ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። በ2007 አንደኛ የተመረጠው ጃማርከስ ራስል ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋስትና ይዞ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ተሰናብቷል። ለዓመታት ጉልበቱን የጨረሰ ነባር ተጫዋች ይህን ሲያይ ቢያመው አይፈረድበትም። ለጡረተኞችም ከስምምነቱ ገንዘብ ተመድቧል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ባለቤቶቹም ነባሮቹም በቀላሉ የተስማሙበት ነገር የትኛው እንደሆነ ተመልከቱ፦ በክፍሉ ውስጥ ከሌለው ሰው ኪስ የሚወጣው። በ2014 ወይም በ2018 የሚመረጠው ልጅ ያኔ ገና ተማሪ ነው። ድምፅ የለውም። ሆኖም ሕጉ ገና ያልገባውን ልጅም በማኅበሩ ፊርማ ያስረዋል። ሞሪስ ክላሬት የሚባል ልጅ በ2004 «ከሁለተኛ ደረጃ ሦስት ዓመት ሳይሞላህ አትመረጥም የሚለው ደንብ እኔን አይመለከተኝም፤ የማኅበሩ አባል አይደለሁም» ብሎ ተከራክሮ፣ በይግባኝ የተሸነፈው በዚሁ ነጥብ ነው። ያን ፍርድ የጻፉት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገቡት ዳኛ ሶቶማየር ናቸው።

«ይህ የሚሊየነሮች ጠብ ለእኛ ለታክሲ ነጂዎች ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ያው ሕግ እኛንም ያውቀናል። በ2015 የሲያትል ከተማ ምክር ቤት የታክሲና በስልክ የሚጠሩ መኪኖች ነጂዎች ተደራጅተው በጋራ እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። በዚያ ከተማ ስንት ወገናችን በዚህ ሥራ እንዳለ ታውቃላችሁ። የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት ከሰሰ። ክርክሩ፣ ነጂዎቹ ተቀጣሪ ሳይሆኑ የግል ሥራ ባለቤቶች ስለሆኑ በዋጋ ከተስማሙ የፀረ ሞኖፖል ሕግ ይጥሳሉ የሚል ነበር። በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከተማዋ በዚህ ነጥብ ያቀረበችውን መከላከያ አልተቀበለም። ለፉትቦል ተጫዋቾቹ ጎራዴ የሆነው ሕግ ለእኛ አጥር ሆነ። ምክንያቱ «ሠራተኛ» የምትለዋ ቃል ናት። እነሱ አሏት፣ እኛ የለንም።

ሁለተኛው ይከብደኛል፤ ግን ልናገረው። በ2012 እሠራበት የነበረው ድርጅት ባለቤት የመኪናውን የሳምንት ኪራይ ልጨምር አለ። ተሰበሰብን፣ ተወካይ መረጥን፣ ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣ፦ የነባሮቹ ኪራይ ባለበት ይቆይ፣ ከዚህ በኋላ የሚገቡት ግን በሳምንት 50 ዶላር ጨምረው ይክፈሉ። ባለቤቱም ደስ አለው፣ እኛም ደስ አለን። «የተስማማ እጁን ያውጣ» ተባለ። አወጣሁ። አዳራሽ ውስጥ አዲስ ገቢ ስላልነበረ የተቃወመ ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ልጅ መጣ። አርባ ምንጭ የተማረ፣ የእኔው ትምህርት ክፍል ተመራቂ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። አንድ ቀን «ኢንጂነር፣ የእኔ ኪራይ ከአንተ ለምን በለጠ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደንቡ ነው» አልኩት። ደንቡን ካጸደቁት እጆች አንዱ የእኔ መሆኑን አልነገርኩትም። ልጁ ዛሬ ሌላ ስቴት ነው ያለው። ይህን ካነበብከው፣ ወንድሜ፣ እነሆ ነገርኩህ።

እንግዲህ ለኤርፖርቱ ወጣት መልሴ ይህ ነው። ማኅበሩና ባለቤቶቹ ሲጣሉ ድራፍቱ የሚናወጠው፣ የቆመው በማኅበሩ ፊርማ ላይ ስለሆነ ነው። ሲታረቁ ደግሞ ድራፍቱ ይድናል፣ የሚመረጠው ልጅ ግን ዋጋውን ይከፍላል። አሁን ያለው ስምምነት በ2020 በጠባብ ድምፅ፣ 1,019 ለ959፣ የጸደቀው ነው። ወቅቱን ወደ 17 ጨዋታ አሳደገ። እስከ 2030 ወቅት ድረስ ይቆያል። ከዚያ በፊት ካልታደሰ በ2031 ጸደይ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ዓመት የሚመረጡት ልጆች ዛሬ ገና በየትምህርት ቤቱ ሜዳ እየሮጡ ናቸው፤ ከመካከላቸው የእኛም ልጆች አይጠፉም።

እኔ ማኅበር አያስፈልግም አላልኩም፤ እንዲያውም ያለ ማኅበር ስሚዝ አንገቱን ሰብሮ ብቻውን ሲከራከር ስንት ዓመት እንደፈጀበት አይታችኋል። በዕድር ይሁን በማኅበር፣ በቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ይሁን በታክሲ ተራ፣ እጅ ከማውጣታችን በፊት ግን አንድ ጊዜ ዞር ብለን እንይ። እዚህ ያልተቀመጠው ማን ነው? ሒሳቡስ የሚደርሰው ለማን ነው?

ወረፋው ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላዬ ጡሩምባ እየነፉ ነው። አስተያየታችሁን ጻፉልኝ፤ ማታ እመልሳለሁ።

ሰላም ዋሉ።